ደጋግ ተጫራቾች

የኢንተርኔት ጨረታን የሚያበላሹት አጭበርባሪዎች ናቸው ይባላል። አይደሉም። አጭበርባሪ የሚፈልገውን ያውቃል፤ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ልትጠነቀቀው ትችላለህ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ጨረታ ያበላሹት ደጋግ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም አልሰረቁም። ሁሉም እግዜርን የሚፈሩ፣ ለቀብር ቀድመው የሚደርሱ ነበሩ። ነገሩ ሲያልቅ ግን አንድ ሰው አገር ጥሎ ሄዷል፤ አንዲት ሴትም ልጄ የምትለውን አጥታለች።

ያኔ እኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልናገር፤ ለነገሩ ያስፈልጋል። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ እኖራለሁ። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሌሎችን ሪፖርት አርማለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በከተማችን ሰው በሚሰበሰብበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ እጽፋለሁ። የምጽፈው ተቃውሞ ነው። ሰዎች «ሐዋሳ ውብ ናት» ሲሉ «ውቡ ሐይቁ ነው፤ ከተማዋ ጀርባዋን ሰጥታው ነው የተቀመጠችው» እላለሁ። ሰርግን ተቃውሜያለሁ። የልደት ሻማን ተቃውሜያለሁ። አሞራ ገደል የሚሸጠውን የዓሣ ሾርባ እንኳ አልማርኩም። «ጋሽ በለጠ ዛሬ ምን ተቃወመ?» እያሉ ከቁርስ በፊት ስልካቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም ይህን እንደ ማዕረግ እቆጥረው ነበር። ጊዜው ልማታዊው መንግሥታችን ወጣቱን ሁሉ «ተደራጁ» የሚልበት፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ደስ ሲለው የሚመጣበት ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ሌዳሞ እንጨት ሠሪ ነበር። ግቢው ውስጥ ቶርኖ ነበረው፤ እንጨት እያሽከረከረ የአልጋና የወንበር እግር የሚያወጣ ከባድ አሮጌ ማሽን። ሰፈራችን ውስጥ የተኛ ሰው ሁሉ ጋሽ ሌዳሞ በቀረጸው እግር ላይ ነው የተኛው ማለት ይቻላል። ሲሞት ሁለት ሰው ተወ። አንዷ ሚስቱ እትዬ ብርቄ ናት። ሌላው ማቲዎስ ነው፤ ከከተማው ዳር ካለችው ከቡሹሎ የመጣ ልጅ፣ ሥራውን ከእሱ የተማረ፣ በኋላም እንደ እኩያ አብሮት የሠራ፣ ሠላሳውን የተሻገረ ጎልማሳ። ልጅ ያልወለደችውን ብርቄን «እማዬ» ነው የሚላት።

ማቲዎስ ደቡብ አፍሪካ ወንድም አለው። ወንድሙ በየሳምንቱ ይደውላል። «ና፤ እዚያ እንጨት እየፋቅህ ታረጃለህ?» ይለዋል። መንገዱ በሞያሌ ነው፤ በዚያ መንገድ ሄዶ ድምፁ የጠፋ የስንቱን ቤት ለቅሶ ደርሰናል። ጋሽ ሌዳሞ ሳለ ማቲዎስ የወንድሙን ጥሪ በሳቅ ነበር የሚያልፈው። ከአርባው በኋላ መሳቁን አቆመ።

«በለጠ» አለችኝ ብርቄ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል። «ይህ ቶርኖ ማቲ እጅ ካልገባ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ሁለተኛ ቀበርኩ ማለት ነው።»

«ታዲያ ሽጭለታ!»

«ስንት ልበለው?»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በነጻ እንዳትሰጠው ባሏ ጥሎላት የሄደው የሚሸጥ ነገር እሱ ብቻ ነው። እንዳትሸጥለት ደግሞ ልጇ ነው፤ ዋጋ መጥራት አፏን ያዛት። እሱም መጥራት አልቻለም፤ ዝቅ ቢያደርግ መበለት በደለ ሊባል ነው። አንድ ከሰዓት ሁለቱን ሳሎኔ አስቀምጬ ላገናኛቸው ሞከርኩ።

«አንተው ጥራ፣ ማቲ።»

«እርስዎ ይጥሩ እንጂ፣ እማዬ።»

«ያለህን ስጠኝ፣ ይበቃኛል።»

«ያለኝ ትንሽ ቢሆንስ?»

«ትንሽ ከሆነ ትንሹን።»

«እንዲህማ አይሆንም። ሰው ምን ይለኛል?»

ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሲከባበሩ እንደዚያ ቀን ተሰላችቼ አላውቅም። አንድ ተንኮለኛ ደላላ ቢኖረን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይጨርሰው ነበር።

መፍትሔውን ያመጣችው ሰናይት ናት። ሰናይት የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ያላት ብልህ ሴት ናት፤ ያንን የከተማችንን ገጽ የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ሰዎች ያገለገለ ፍሪጅና ሶፋ ፎቶ እየለጠፉ በአስተያየት መስጫው ሥር ዋጋ ይጠራሩበት ነበር። «ጨረታ ይውጣ» አለች። «ዋጋውን እናንተ አትናገሩ፣ ጨረታው ይናገር። ደግሞ በዚህ ዘመን አሮጌ ቶርኖ ማን ይፈልጋል? አንድ ሁለት ነጋዴ ይሞክራል፣ ማቲ ትንሽ ጨምሮ ይወስዳል። የማንም ፊት አይጠቁርም።»

አሳቡ እኔን እንኳ አስደሰተኝ። የምቃወመው አጣሁለት።

ሰናይት ማስታወቂያውን ስትጽፍ ግን ልቧ ተነካ። የቶርኖውን ፎቶ ብቻ መለጠፍ ሲበቃ ጋሽ ሌዳሞ የእንጨት ፍቅፋቂ በጸጉሩ ላይ በትኖ የሚስቅበትን ፎቶ ጨመረችበት። ከሥሩ «ጋሽ ሌዳሞን የምታውቁ ሁሉ ተሳተፉ» ብላ ጻፈች። ክፋት የለባትም። እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፋት ያለበት ሰው ብትፈልጉ አታገኙም፤ እኔም ፈልጌ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨረታው የሚዘጋበት ጊዜ ሲቃረብ ብርቄ ግቢ ተቀመጥን። ቶርኖው ላዩ ተወልውሎ እንደ ሙሽራ ቆሟል። እሷ ስልክ ላይ ማንበብ ስለማትችል እኔ እየጮኽኩ አነብላታለሁ። አንድ የአዲስ ከተማ ነጋዴ አሥራ አምስት ሺህ ጠርቷል። ማቲዎስ አሥራ ስድስት ብሏል። ነጋዴው አሥራ ሰባት፤ ማቲዎስ አሥራ ስምንት። ነጋዴው ዝም አለ።

«አለቀ እንዴ?» አለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ሊያልቅ ነው።»

ያን ጊዜ አንድ የድሮ አስተማሪ ብቅ አለ። «ለጋሽ ሌዳሞ ነፍስ ሃያ ሺህ!» ይላል። ብርቄ ተነሥታ ቆመች። «መምህር ናቸው? እግዜር ይስጣቸው! ቶርኖ ምን ያደርግላቸዋል?»

ምንም አያደርግላቸውም። ከእሳቸው ቀጥሎ የዕድራችን ጸሐፊ ሃያ ሁለት አለ። አንዲት በጋሽ ሌዳሞ አልጋ ላይ የተዳረች ሴት ሃያ አራት አለች፤ ከቁጥሩ ጎን አበባ አለበት። ማቲዎስ ሃያ አምስት ብሎ ጻፈ። እንደ ሌሎቹ አበባ የለው፣ «ለነፍሱ» የለው። ቁጥር ብቻ።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጫረቱት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ለሕንፃ ማሠሪያ አንድ ጥላ ለጨረታ ይቀርባል። ሰው ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል። ያሸነፈውም «ጥላው ይመለስና እንደገና ይጫረት» ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል። ያ ጥላ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ይሸጣል፤ አንድም ሰው ከዝናብ አያስጥልም። እዚያ ዋጋ መጥራት መግዛት አይደለም፤ ማክበር ነው። አሁን ደግሞ ከተማው ሁሉ ጋሽ ሌዳሞን እያከበረ ነበር። መካከላቸው የቆመው አንድ ሰው ብቻ የምሩን ይገዛ ነበር።

«ብርቄ፣ ማቲ ጋ ልደውል።»

«ምን ልትለው?»

«ሰዎቹ የእውነት አይደሉም ልለው ነዋ።»

«ተው! 'ጨምር' ብላ አስደወለች ይለኛል። ተው በለጠ!»

ቢሆንም ደወልኩ። ስልኩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ለካ እሱም እየደወለ ነበር፤ ገንዘብ እየተበደረ። ሃያ ሰባት ብሎ ጻፈ። ደጋጎቹ ሠላሳ አሉ።

ሰናይት ጋ ደወልኩ። ከኋላዋ ሰው ይስቃል። «ጋሼ! እያየህ ነው? እንዲህ ያለ ጨረታ ገጹ ላይ ሆኖ አያውቅም እኮ! ሕዝቡ ተነሣስቷል!»

«ሰናይት፣ አስቁሚው። አንዳቸውም አይገዙም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ተዋቸው! አቶ ደምሴ ራሳቸው ገብተዋል፤ እሳቸውን አይገዙም ልበላቸው?»

አቶ ደምሴ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፣ የጋሽ ሌዳሞ የልጅነት ወዳጅ። ሠላሳ አምስት ብለው ነበር።

ወደ ብርቄ ዞርኩ። «አንቺ የባለቤቱ ሚስት ነሽ። 'ቁሙ' በይ፣ ልጻፍልሽ።»

«ሰው ለባሌ ስም እጁን ሲዘረጋ 'እጅህን ሰብስብ' የምለው በምን አፌ ነው?»

ስለዚህ በራሴ ስም ጻፍኩ። ቃሉን አልረሳውም፦ «የማትገዙ ሰዎች ዋጋ መጥራት አቁሙ። የምር የሚፈልገውን ሰው እየገፋችሁት ነው።» ቀጥተኛ፣ ደረቅ፣ ከጻፍኩት ሁሉ ጌጥ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነበር። ትንሽ እንኳ ሳይቆይ መልሱ ጎረፈ።

«ጋሽ በለጠ መጣ! ዛሬ ደግሞ ደግነትን ሊቃወም!»

«እኔ ኮ 'እስካሁን የት ጠፋ' እያልኩ ነበር።»

«ጋሼ፣ ቀብሩንም ሳይቃወሙ ማለፍዎ ገርሞኝ ነበር።»

አንዱ ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ «በጋሽ በለጠ ንዴት ላይ ሁለት ሺህ ጨምሬያለሁ» አለ። ሳቅ ሆነ። ሌላውም በንዴቴ ላይ ጨመረ። ዋጋው ማቲዎስ ሊደርስበት ወደማይችል ከፍታ መውጣት ጀመረ። አርባ ሺህ ላይ ማቲዎስ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈ። ያ ገንዘብ የእሱ እንዳልነበረ አውቃለሁ። አቶ ደምሴ «ለወንድሜ ለሌዳሞ ስልሳ!» ብለው ዘጉት። ሰናይት ከፎቶው ላይ «ተሽጧል» ብላ ለጠፈች። እልልታው በጽሑፍ ቀለጠ።

የብርቄ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፈትኩላት።

«ወይዘሮ ብርቄ» አለ ማቲዎስ። «እንኳን ደስ ያለዎት።»

«ማን ነው ወይዘሮ? ማቲ፣ ምን ነካህ?»

«ለእኔ መሸጥ ካልፈለጉ 'አልሸጥልህም' ማለት ነበር። ሰው አሰልፎ ማስጫረት ለምን? ከሰው ደጅ ደጅ ስለምን ዋልኩ እኮ!»

«እኔ ማንንም አላሰለፍኩም! ልጄ፣ ስማኝ…»

«ጋሽ ደምሴ ቶርኖ የት ያውቃሉ? ለዚያውም በስልሳ ሺህ! ሕፃን መሰልኩዎት?» ዘጋው።

እሷ ስልኩን እንደያዘች አቶ ደምሴ በሩን ከፍተው ገቡ። ፊታቸው ያበራል፣ ከኋላቸው ባለባጃጁ አንድ ሳጥን ለስላሳ ያወርዳል። «ብርቄ! እንዴት አደረግነው? ሌዳሞ ቢያይ! በይ ማሽኑ እዚሁ ይመለስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይጫረት። ይቺን ደግሞ ለቤት ያዢ።» ፖስታ ዘረጉላት።

«ስልሳ ሺህ ናት?» አልኩ።

«አንተ ደግሞ! ጨረታ እኮ ነው፣ በለጠ።»

«ጨረታ ስለሆነ ነው የምጠይቅዎት።»

ነገሩን ነገርኳቸው፤ ማቲዎስን፣ ሞያሌን፣ የተበደረውን። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቶርኖው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ በአንድ አፍታ ያረጀ ሰው አላየሁም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጽፌ ነበር እኮ።»

«ያ የምርህ ነበር እንዴ?» አሉ፤ በእውነት ተገርመው። «የተለመደው መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።»

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን በባጃጅ ቡሹሎ ወረድን። ሲነጋ ስልኬን ባልከፍተው ይሻለኝ ነበር። ማቲዎስ ገጹ ላይ «ጨረታው የተዘጋጀ ነው» ብሎ ጽፏል፤ ደጋጎቹ ደግሞ ብርቄን ሊከላከሉ ተነሥተዋል። «ያጎረሰህን እጅ ነካሽ።» «መበለት ልትዘርፍ አስበህ ሲከሽፍብህ!» ትናንት አበባ የለጠፈችው ሴት ሳትቀር «የሰው እንጀራ ያሳበደው» ብላዋለች። ሁሉም ለተበደለች ሴት መቆማቸው ነበር።

ማቲዎስ ከቤቱ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠን። ጨዋ ነው፤ ተቆጥቶም ጨዋ ነው። አቶ ደምሴ ቀድመው ተናገሩ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ልገዛ አልነበረም። መጀመሪያ በጠራኸው ውሰደው። እኔም አጠፋሁ ብዬ ለሰው ሁሉ እጽፋለሁ።»

«እርስዎ ሲጽፉማ፣ ጋሼ፣ 'ትሕትናቸው!' ብለው ያጨበጭቡልዎታል። እኔን የሰደቡኝ ግን እንደተሰደብኩ ነው።»

«ማቲ» አለች ብርቄ። «ገንዘብ አልፈልግም። በነጻ ውሰደው። ያንተ ነው።»

ይህን ባትለው ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

«ትናንት ገዢ ነበርኩ» አለ ማቲዎስ። «ድሃ ብሆንም ገዢ። ዛሬ የሚታዘንለት አደረጋችሁኝ። ይህን ማሽን ባዞርኩት ቁጥር ሰው 'ይኸው፣ አልቅሶ የወሰደው' ይለኛል። እዚህ ከተማ ከእንግዲህ ማን ወንበር ያሠራኛል?»

«እኔ አሠራሃለሁ» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጋሽ በለጠ፣ ትናንት የጻፉትን አንብቤ ነበር። እዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ስቄአለሁ። 'ጋሼ አይተኛም' አልኩ።»

እሱም ሳቀ ማለት ነው። የተጻፈለት ሰው ራሱ።

ሊሸኘን እስከ መንገዱ ወጣ። ብርቄ ባጃጁ ውስጥ ሆና እጁን ይዛ አልለቅ አለች። እሱም አላስለቀቃትም፤ ቆሞ ጠበቃት፣ ራሷ እስክትለቀው ድረስ። «ደህና ይሁኑ» አላት። እማዬ ሳይል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሄደ። ለቶርኖው ያጠራቀመውና የተበደረው ገንዘብ ለደላላው ሆነ፤ ከተማው ያን ሁሉ ዋጋ ባያስጠራው ኖሮ ያን ያህል አይበደርም፣ ያን ያህል ባይበደር ደግሞ ለመንገዱ አይበቃውም ነበር። ይህን ሒሳብ ለብርቄ አልነገርኳትም። ሳትነገር እንደምታውቀው ግን አውቃለሁ።

ደርሷል፣ በሕይወት አለ። ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ስኳርና ሲጋራ ይሸጣል አሉ። «ተመስገን በሉ እንጂ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል» የሚሉኝ አሉ። ተመስገን እላለሁ። ግን ያን እጅ ሥራ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከፍርግርግ ኋላ ሲጋራ ለማቀበል የተፈጠረ እጅ አይደለም። ቡሹሎ ላለችው ወላጅ እናቱ ብር ይልካል። ብርቄ ጋ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ አያውቅም።

እኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። ሰዎች ሰነፈ አሉ፤ ፖለቲካ ፈራ ያሉም ነበሩ። እውነቱ ከሁለቱም ያንሳል። ሾርባውንም ሻማውንም አንድ ዓይነት ድምፅ አውጥቼ ስቃወም ከርሜ፣ የሚያስፈልግ ቀን ሲመጣ ሌላ ድምፅ አልነበረኝም። ቤቱ የምር ሲቃጠል «እሳት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ከተማው «እንዴት ያስቃል!» አለ። ዛሬ የምቃወመውን እመርጣለሁ። ይህን ጽሑፍ በተቃውሞ መጀመሬን አይቻለሁ፤ ይህቺን ግን ከፍዬባታለሁ።

ደግነትን እንደምነቅፍ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ። አቶ ደምሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቄን ሳይጠይቁ የዋሉበት ሳምንት የለም፤ የዘረጉላት ፖስታም እውነተኛ ነበር። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ ስልክ ላይ በአውራ ጣት ተደርጎ የሚያልቅ፣ ሲያልቅም ሌላ ሰው የሚከፍልበት ደግነት።

ቶርኖው አሁንም ብርቄ ግቢ ነው። ላስቲክ አልብሳዋለች፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ሌላ ትለውጥለታለች። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከይርጋለም ድረስ ሊገዛው መጥቶ ነበር፤ የምሩን፣ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ተሽጧል» አለችው።

«ለማን ነው የሸጡት? ሄጄ ላናግረው።»

«እሩቅ ነው ያለው» አለች፤ ሰውዬውንም እስከ በሩ ሸኘችው።

እናንተም የዚያን ቀን ከጻፉት አንዱ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ብዙ ነበራችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፣ ዛሬ እንኳ ሳትስቁ ስሙኝ፦ የማትገዙትን ነገር ዋጋ አትጥሩ።